ባለጣቱ

በጦርነቱ ዘመን በየግድግዳው ተለጥፎ «ና ዝመት!» እያለ ጣቱን የሚቀስረው ወታደር እሱ ነበር። ራሱ ግን ፎቶውን ተነሥቶ፣ የተዋሰውን መለዮ መልሶ፣ ወደ ቀበሌ ወንበሩ ነው የዘመተው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጠጅ ቤቱ «እኔን አይቶ ያልዘመተ ማን አለ!» እያለ ሲጎርር ኖረ።

አዲስ ጎረቤቱ እማማ ደብሪቱ ጦር ሜዳ የቀረውን ልጃቸውን ሲዘክሩ ጠሩት። ጉራውን ምላሱ ላይ አዘጋጅቶ ገባ። ከጧፉ በላይ፣ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ፣ ጣቱ በመቀስ የተቆረጠ የራሱ ፊት ተሰቅሏል።

«ልጄ ፎቶ አልነበረውም» አሉት እማማ። «ይሄን ከግድግዳ ልጬ አመጣሁት፤ ቁርጥ እሱን! ታውቀው ነበር እንዴ?»

«ኧረ አላውቀውም።»

«እንግዲያው ነፍስ ይማር በልልኝ።»

ጣቱን ኪሱ ከትቶ «ነፍስ ይማር» አለ።