ሳያስጨርሳት

ስመኝ ጠዋት ሻይዋን ቀድታ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደገፈች። የሟች ባሏ የዶክተር አየልኝ ድምፅና ጠባይ ውጭ አገር፣ አንድ የምርምር ኮምፒውተር ውስጥ ይኖራል፤ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ፈጣን መስመር በየማለዳው ያወሩ ነበር። መንግሥት በጀቱን ስላቋረጠ ከዛሬ ጀምሮ ያለው ቃልን እያዘገየ የሚያደርሰው ዘገምተኛ መስመር ብቻ ነው። «አይዞዎት፣ ያው እሳቸው ናቸው» ብሏታል የመስመሩ ባለሙያ።

«አየልኝ፣ ዛሬም ሻዩ ላይ...» ብላ እንደ ልማዷ ቆም አለች። በሕይወት ሳለም ሆነ ከሞተ በኋላ አስጨርሷት አያውቅም፤ «ቀረፋ አበዛሽ! ይሄ ሻይ ነው ወይስ ወጥ?» ይላት ነበር።

መልስ የለም።

«ቀረፋ አበዛሁ» ብላ ራሷ ጨረሰችው።

ድምፁ የመጣው ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። «ሰማሁሽ፣ የኔ ሆድ። ይሄ ሻይ ነው ወይስ ወጥ?»

ቀልዱም ድምፁም የእሱ ነው። ቃሏን ከአፏ የሚነጥቃት ግን የለም።