ጠርዙ ላይ የነበረችው ቃጠሎ

ጥርሱ በረረ! የምሬን ነው፣ የየስቲን የፊት ጥርስ ከአፉ ወጥቶ ኪቦርዱ ላይ ዱብ አለና ሁለት ቁልፎች መሃል ተሰነቀረ። የመታው ማን መሰላችሁ? አያቱ ኤልቬድ። ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ቁመቱ የየስቲን ትከሻ ጋ እንኳ አይደርስም፣ ግን በአንድ ቡጢ።

ኔስታ ጋራዡ በር ላይ ድርቅ ብላ ቀርታለች። ወንድሟ የስቲን ደሙን በመዳፉ ይቀበላል።

«ምን በደልኩህ አያቴ? ለልደትህ ብለን እኮ ኮምፒውተርህን አዲስ አስመሰልንልህ።»

«አዲስ አምጣ ያለህ ማነው፣ አንተ ደደብ?»

ሽማግሌው በኮሌታው አንቆ ከመደርደሪያው ጋር ያላትመዋል። ሽማግሌው ሰብስቦ የደረደራቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ይንቀጠቀጣሉ። እዚህ ጋራዥ ውስጥ አንዲት ብሎን ብትቀየር፣ የወጣችው ፖስታ ውስጥ ገብታ ቀን ተጽፎባት ትቀመጣለች። አቧራ መጥረግ ራሱ በፈቃድ ነው። ይሄኛው ኮምፒውተር ደግሞ ለአርባ ዓመት በሲጋራ ጭስ ቢጫ ሆኖ የኖረ ነው። ኔስታ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት ፀጉር የሚያነጣ ክሬም አመጣች፣ ቀቡት፣ በላስቲክ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ አሰጡት። አሁን ወተት መስሏል።

«ቢጫው ይሂድ፣ ግድ የለም» አለ ኤልቬድ። ድምፁ ተሰበረ። አውራ ጣቱ የኮምፒውተሩን ጠርዝ ይዳብሳል። «እዚህ ጋ የነበረችው ቃጠሎስ? አያታችሁ ኦልወን ፕሮግራም ስትጽፍ ሲጋራዋን ረስታ ያቃጠለቻት። ከተቀበረች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጣቴን የማሳርፈው እዚያች ቃጠሎ ላይ ነበር። ሌላ ምን ቀረኝ?»



«ማነው የፋቃት?» ኤልቬድ ከጠረጴዛው ላይ መዶሻ አነሳ።

የስቲን እህቱን አየት አደረጋትና ቶሎ ዓይኑን መለሰ።

«እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ በደሙ መሃል ፈገግ አለ፣ ይሄ ልጅ አያርፍም። «ለጥርሴ ደግሞ አትዘን፣ እሷም ሰው ሠራሽ ተተኪ ናት። ኦሪጅናሏ ራግቢ ስጫወት ሜዳ ላይ ነው የቀረችው።»

መዶሻው ከየስቲን ጣቶች ስንዝር በማይሞላ ርቀት ጠረጴዛው ላይ አረፈ። እንጨቱ ተሰነጠቀ።

ኔስታ ቀኝ እጇን ኪሷ ውስጥ ደበቀች። ትናንት በብርጭቆ ወረቀት ግማሽ ሰዓት የፈገፈገችው እሷ ናት፣ ያውም እየዘፈነች። የቃጠሎዋ ቡናማ ዱቄት አሁንም አውራ ጣቷ ጥፍር ሥር አለ። ከአያቷ ከኦልወን የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

መዶሻው እንደገና ወደ ላይ እየተነሳ ነው።

እናንተ ብትሆኑ፣ እጃችሁን ከኪሳችሁ ታወጡ ነበር?