አፍ ያወጣ ብር

እኔን የሚሸውድ መንዛሪ እናቱ ገና አልወለደችውም። ከአክስቴ ከአመልማል ጋር ጅቡቲ የሄድነው ለእህቴ ቬሎ ልንገዛ ነው፤ ብራችን ተመንዝሮ የጅቡቲው ፍራንክ ካልሞላ ሙሽሪት የጎረቤት ቬሎ ተውሳ ማግባቷ ነው።

መንገድ ዳር የምትመነዝረው ሃዋ፣ "ወላሂ፣ ከዚህ በላይ ለማንም አልሰጠሁም!" አለች።

ገንዘብ አፍ አውጥቶ የነበረበትን ቦታ መናገር ከጀመረ ወዲህ እናቴ እንኳ ሽሮ ጣሳ ውስጥ ብር መደበቅ ትታለች፤ ለአባቴ ያሳብቅባታል። እኔም የሃዋን ፍራንክ፣ "እውነቷን ነው?" አልኩት።

"ጠዋት ለአንድ ሾፌር ጨምራለች" አለ።

አክስቴ እልል አለች! ሃዋ እየተነጫነጨች ጨመረችልን፤ ቬሎው ተገዛ ማለት ነው። ደረቴን ነፍቼ ብሬን ሰጠኋት።

ብሩ ሳይጠየቅ፣ "ኡፍፍ! ከድሬዳዋ ጀምሮ የዚህች ልጅ ካልሲ ውስጥ ነበርኩ!" ብሎ ጮኸ።

ሃዋ አፍንጫዋን ያዘች። "በጭማሪው ሳሙና ግዢበት!"