የማርስ በጋ

ሰዓት ሠሪው ከሱቁ በላይ ባለው ሰገነት ላይ ቴሌስኮፕ አለው። ማርስ ወደ ምድር በቀረበች ቁጥር ምሽት ምሽት የአየሯን ጠባይ ይከታተላል። ዘንድሮ እዚያ በጋ እየገባ ነበር፤ ዋልታዋ ላይ ያለው ነጭ የበረዶ ቆብ ከሳምንት ሳምንት ሲሳሳ አይቷል።

አንድ ምሽት ግን ሁሉም ጠፋ። ቆቡም የለም፣ ገጿ ላይ የሚታዩት ጥቋቁር ምልክቶችም የሉም፤ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያለ አንድ ወጥ ቀለም ብቻ። ወይ እዚያ የአቧራ ማዕበል ተነስቷል፣ ወይ የእሱ ዓይን ደክሟል። በዚያው ሰሞን አንዲት ብሎን ከመቆንጠጫው አምልጣ ስትጠፋበት፣ ሁለተኛውን ወደ ማመኑ አደላ። ዓይን የሌለው ሰዓት ሠሪ ምን ይሠራል? ሚስቱ እንደሆነች ሱቁን ለአማቹ እንዲያስረክብ መምከር ከጀመረች ቆይታለች።

የኮከብ ተመልካቾች ደንብ አጭር ነው፤ ያየኸውን ሌላ ዓይን ካላየልህ አላየህም። ስለዚህ ንስሩን ጠራው። ንስሩ ጡረታ የወጣ ካርታ ሣይ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያተረፈው በዓይኑ ነው። ሰሞኑን ዳማ መጫወትም ሰለቸኝ ብሎ ከቤት አይወጣም ነበር።

ጉልበቱን እያማረረ፣ የጓደኛውን ትከሻ ይዞ ደረጃውን ወጣ። ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ደቀነ።

«እንዴት ነው?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ጥርት ብላለች። ነጩ ቆብ እንደ ድሮው ሰፊ ነው፤ ጥቁሩም በቦታው አለ። አንተ ሰውዬ፣ አረጀህ እንዴ?»

ሰዓት ሠሪው ከአንገት በላይ ሳቀ።

በማግስቱ የሱቁን ቁልፍ ለአማቹ ሰጠ። አማቹ «ኧረ አባባ፣ ምን አስቸኮለዎት» እያለ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ዓይን ሐኪም ቤት የሄደው ሚስቱ ጎትታው ነው። ሐኪሟ አንዱን ዓይን እየሸፈነች በሌላው እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር አስነበበችው።

«አባባ፣ ዓይንዎ ታሟል ያለዎት ማነው?» አለችው። «ይኼ እኮ ገና ብዙ ይሠራል።»

እንግዲያው አቧራው የማርስ ነበር። ሰዓት ሠሪው በመጀመሪያ ቁልፉን እንዴት እንደሚያስመልስ፣ ቀጥሎም ንስሩን በምን እንደሚያበሽቀው እያሰበ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ንስሩ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ሰዓት ሠሪው ፊት ለፊቱ ቆመና ፈገግ አለ።

ንስሩ ቀና ብሎ ትክ ብሎ አየውና፣ «ጌታዬ፣ ተራው የማን ነው?» አለው።