ስልቻ ወይስ ከረጢት

«ስልቻ እህል ይጫንበታል እንጂ ፕሮቲን አይጫንበትም፣ አቶ ጥሩሰው!»

«ከረጢትስ የትንባሆ መያዣ አይደለም እንዴ፣ ዶክተር?»

ሴል የሠራውን ፕሮቲን ከአንዱ ክፍሉ ወደ ሌላው ለምታደርሰው ትንሽ መያዣ የአማርኛ ስም ለማውጣት ሁለቱ ሽማግሌዎች ሲጨቃጨቁ ይህ ሦስተኛ ስብሰባቸው ነው። ስብሰባውን የጠራችው መምህርት ተማሪዎቿ በገዛ ቋንቋቸው እንዲገባቸው ብላ የስምንተኛ ክፍሉን የሳይንስ መጽሐፍ በአራት ዓመት ተርጉማለች፤ የቀረቻት ይህችው አንዲት ቃል ናት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አሉ አቶ ጥሩሰው።

«ሁለቱም ያስኬዳል፣ ጋሼ።»

«ይኸው፣ ስልቻን መረጠች!»

ጠዋት ከትምህርት ቢሮ የደረሳትን ደብዳቤ ፊታቸው አኖረች። ከመስከረም ጀምሮ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሰጥ ይገልጻል።

ዶክተሩ መዝገበ ቃላቱን ደብዳቤው ላይ ዘረጉና «ይኸውልዎት፣ ‹ከረጢት› የሚለውን ያንብቡ!» አሉ።

መምህርቷ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።