የልብስ ሰፊዋ ጣውንት

አራሚው ሚስቱ ስትቀበር አላለቀሰም። ኮምፒውተሩ አልመልስ ሲለው ግን አለቀሰ።

ይህን ያየችው ሴት ልጁ ናት፤ ባታየው ይሻላት ነበር። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ የተውሶ ወንበር እንኳ ገና ሳይመለስ፣ አባቷ ሳሎን ጥግ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ እንባውን በእጅጌው ይጠርጋል።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«አይመልስልኝም።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ!» አላት በአገጩ ወደ ማሽኑ እያመለከተ።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ፊደል እየደረደሩ ቃል መሥራት። አራሚው ዕድሜውን ሙሉ በማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሲለቅም ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የሚለቅመው አጣ። ያኔ ነው የሚስቱ ወንድም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተጣሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ያመጣው። አንዱ ላይ ጨዋታውን ጭኖ ለአራሚው ሰጠው። ሌላውን እህቱ «የስፌት ክሬን እደረድርበታለሁ» ብላ ወደ ስፌት ክፍሏ አስገባችው።

ከዚያ በኋላ አባትየው ማታ ማታ ከማሽኑ ጋር ሆነ። እናትየው ለሰማ ሁሉ ታማርር ነበር። «ጣውንት መጣችብኝ» ትላለች፤ «ያውም በኤሌክትሪክ የምትሠራ!» እራት ተበልቶ ሳህን ሲነሳ ስፌት ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ልጅቷ ያን የበር ድምፅ በሆዷ ይዛዋለች። እናቷን በማሽን የለወጠ ሰው ምን ይሉታል?

ቢሆንም አባት አባት ነው። እህል አልቀምስ ካለ ሰንብቷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶት ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሾርባ ስታቀርብለት «ይቀመጥ» ይላል፤ ይቀመጥና ይቀዘቅዛል። ሐኪሙ ጨርሶ ካልበላ ብዙ እንደማይቆይ ሳይሸፋፍን ነግሯታል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የራሷን አዲስ ኮምፒውተር ይዛ መጣችና የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች።

ጠጋኙ ወሬኛና ደግ ሰው ነበር። አሮጌውን ፈቶ አቧራውን እፍ አለ። «ይሄ ጡረታ ይገባዋል፤ ጨዋታውን ወደ አዲሱ እናሻግረዋለን» አለ።

ጨዋታው አልሻገር አለ። መጀመሪያ ጭራሽ አልከፈትም አለ። ሲከፈት ፊደሎቹ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኑ። ድሮ የተሠራበት የፊደል ዓይነት ተፈልጎ ሲገኝ ደግሞ ሰሌዳው ውሻ እንደሚያባርረው ሰው ይከንፍ ጀመር። በመጨረሻ ጠጋኙ አዲሱን ኮምፒውተር አሮጌ ነኝ ብሎ እንዲያስብ የሚያደርግ ፕሮግራም ጫነበት።

ሰሌዳው እንደ ድሮው ቁጭ አለ። አራሚው መነጽሩን አደረገ፤ አንድ ቃል ደረደረ። ከሰሌዳው ሥር «ተጋጣሚዎ እያሰበ ነው» የሚል ጽሑፍ ብልጭ ድርግም አለ። ብልጭ ድርግም። ሌላ ምንም የለም።

«ፈላስፋ ሳይሆን አይቀርም» አለ ጠጋኙ። ማንም አልሳቀለትም።

«ድሮም ቶሎ አይመልስም» አለ አራሚው። «ድስት እንደጣደ ሰው መሃል ላይ ይጠፋል። ሲያኮርፍ ደግሞ ሳምንት ይዘጋኛል፤ ከዚያ ራሱ ይታረቀኛል። ፊደል ይገድፋል፤ በ‹ሠ› የሚጻፈውን በ‹ሰ› ይጽፋል። አንድ ቀን ግን አርሜው አላውቅም።»

ጠጋኙና ልጅቷ ተያዩ። ማሽን ያኮርፋል እንዴ? ጭንቅላቱም እየሄደ ነው ማለት ነው። ፍርሃቷ ንዴት ሆኖ ወጣ።

«ለእማዬ ጠብ ያላደረግከውን እንባ ለዚህ ቆርቆሮ!»

ወዲያው ቆጫት፤ የወጣ ቃል ግን አይመለስም።

ጠጋኙ ጨዋታውን ገልብጦ ወደ ሱቁ ወሰደ። በነጋታው ሲመለስ ወደ ውስጥ አልገባም፤ በር ላይ ቆሞ አስጠራት።

«እህቴ፣ ለካ ውሃ ስወቅጥ ነው የከረምኩት። ጨዋታው ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ለምን አይመልስም?»

«ብቻውን የሚጫወትበት ነገር የለውማ! ሆዱን ከፍቼ አየሁት፤ የተሠራው ለሁለት ሰው ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ መሃሉ ላይ ሽቦ። የአባባ ኮምፒውተር ሽቦ እኮ ግድግዳውን በስቶ ያልፋል። ወዲያ ማዶ ምን ነበር?»

ወዲያ ማዶ የስፌት ክፍሉ ነበር። ክር የተደረደረበትን ኮምፒውተር፣ ከቀብሩ በኋላ ቤት ስታጸዳ፣ በገዛ እጇ ለአሮጌ ዕቃ ገዢ ሰጥታዋለች።

ጠጋኙ ሂሳብ ሳይጠይቅ ሄደ፤ እሷ በሩን ተደግፋ ቀረች። ዝም ብትል፣ አባቷ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ እህል እንደዘጋው ያልቃል። ብትነግረው፣ ያን ሁሉ ማታ ለእናቷ ጀርባውን ሰጥቶ የኖረው ከማን ጋር ሲጫወት እንደነበር ይሰማል፤ ይህም ይገድለዋል። በየትም በኩል መውጫ የላትም። አለቀሰች፤ ፊቷን ታጠበች፤ ገባች።

አራሚው እዚያው ነው። ጽሑፉ ብልጭ ድርግም ይላል። ከወንበሩ አጠገብ ተንበረከከችና ቀዝቃዛ እጁን ያዘች።

«አባዬ፣ አትደንግጥ። ስትጫወት የነበረው ከማሽን ጋር አይደለም። እማዬ ነበረች።»

አባቷ የተዘጋውን የስፌት ክፍል በር በዓይኑ ጠቀሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ማወቄን እንዳትነግሪያት።»