ኮሎኔሉ ከወንዙ ዳር ሲነሣ

የቶምቢግቢ ወንዝ ዳርቻውን ሲበላ ከርሞ፣ በዚያ ጠዋት የኮሎኔሉ የሬሳ ሣጥን በራስጌው በኩል ከገደሉ ብቅ አለ። ወንዶቹ ገመድና አካፋ ይዘው መጡ። ሚስቱ ፐርሚሊያ ግን መቃብሩ ላይ ቆማ አላስነካም አለች።

«እመቤቴ፣ ከተማችንን የቆረቆሩትን ሰው ውሃ ሲወስዳቸው ቆመን እንይ?» አለ ዲያቆን ሆሲያ። «ኮረብታው ላይ በክብር እናሳርፋቸው።»

«‹ውሃ እዚህ ድረስ አይመጣም› እያለ ቦታውን የቸረቸረላችሁ እሱ አይደል? እዚሁ ተኝቶ ይጠብቀው።»

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል አስመስሎ ዋጠው። ከፐርሚሊያ እግር ሥር አንድ ጓል ተንዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ሣጥኑን አየችው፤ ምስማሩን የመታችው ራሷ ነበረች። ቀስ ብላ ከመቃብሩ ወረደች።

«እሺ ውሰዱት። ግን ፊቱን ወደ ወንዙ አዙራችሁ ቅበሩልኝ።»

«ኧረ እመቤቴ! ክርስቲያን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው የሚቀበረው። ወንዙ ያለው በምዕራብ ነው።»

«የሸጠውን ቦታ ውሃ ሲወስደው ይይ።»

ዲያቆኑ ዞሮ ባለፈው ሳምንት ወንዙ በረንዳውን የወሰደበትን ቤቱን ተመለከተ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ገመዱን ያዘ።

«በሉ ጎትቱ» አለ። «ስትቀብሩትም ራሱን ከፍ አድርጉለት፤ ደህና አድርጎ እንዲያይ።»